ከምርኮኛ ካምፕ እስከ ጨፌ ወንበር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራቆሬን አልፎ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ከሚሴ ይደርሳል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በቦርከና ሸለቆ፣ ረግረጋማው የጨፋ ሜዳ በተንጣለለበት አካባቢ ነው፤ በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ሳይቀሩ ከብቶቻቸውን ለግጦሽ ይነዱበታል። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መቀመጫ ናት። ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ ደዌ ሐረዋ፣ አርጡማ ፉርሲና ጅሌ ጥሙጋ የሚተዳደሩት ከዚህ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዞኑ 457,278 ነዋሪዎች ነበሩት።

መንገዱ ነጋዴና መንገደኛ ብቻ አይመላለስበትም። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የማዕከላዊ መንግሥቱን ሥልጣን ለመጠበቅም ሆነ ለመንጠቅ የተዋጋ ሠራዊት ሁሉ ማለት ይቻላል ረግጦታል። የአካባቢው ልጆችም በየዘመኑ ከሠራዊቱ ጋር ሄደዋል፤ አንዳንዶቹ ተመልሰዋል፣ ብዙዎቹ ቀርተዋል። ስለዚህ ወታደር መለዮውን አውልቆ የምክር ቤት ወንበር ሲጠይቅ ማን ያሳልፈዋል፣ ማንስ ይከለክለዋል የሚለው ጥያቄ ለከሚሴ ሰው የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የጥያቄው ታሪክ ግን ከከሚሴ ይሰፋል።

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የመጀመሪያው ፓርላማ ሕዝብ የመረጠው አልነበረም። የሕግ መምሪያ አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ፤ የሕግ መወሰኛው አባላት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አርበኛው ውለታው የተከፈለው በማዕረግ፣ በመሬትና በሹመት ነው። ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም። ዕጩ ለመሆን በምርጫ ክልሉ ውስጥ ንብረት ማፍራት ግዴታ ነበር። በአምስት ዓመቱ የአርበኝነት ዘመን ጫካ የከረመ፣ ነገር ግን ርስት የሌለው ተራ ተዋጊ በዚህ በር ሊገባ አይችልም። የዛሬው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በዚያን ጊዜ ከፊሉ በወሎ ከፊሉ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር፤ ወንበሩም በአመዛኙ የባለ ርስቱ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ወታደሩ ድምፅ መጠየቅ አላስፈለገውም። ደርግ በሚል ስም መንግሥት ሆነ፤ ፓርላማውንም ዘጋ። እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ ያለ ምክር ቤት ተገዛች። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ ሲመረጥ ለእያንዳንዱ ወንበር እስከ ሦስት ዕጩ ይቀርብ ነበር፤ ያቀረባቸው ግን አንድ ፓርቲ፣ ኢሠፓ ነው። የደርጉ መኮንኖች በሸንጎው ተቀመጡ። ከሕዝብ ድምፅ በፊት ሥልጣኑን ይዘው ስለነበር ምርጫው ለእነርሱ ማኅተም እንጂ ፈተና አልነበረም።

የተራው ወታደር ዕጣ ከዚህ የተለየ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ሲከር ቀበሌው ኮታውን ለመሙላት ልጆችን ከገበያና ከመንገድ እያፈሰ ይልክ ጀመር። ወሎ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እየተመታ፣ ባቲ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመጠለያ ጣቢያ እህል እየጠበቁ ሳለ እንኳ የወታደር መኪናዎች በዚያው መስመር ወደ ሰሜን ይነጉዱ ነበር። ያን ዘመን ያዩ እናቶች ሁለቱን ነገሮች ለይተው አያስታውሷቸውም።

ሰሜን ደርሰው የተማረኩት ቁጥራቸው እየበዛ ሄደ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ አንድ ሙሉ ዕዝ ሲፈርስ የምርኮኛው ነገር ወታደራዊ ብቻ ሳይሆን ፖለቲካዊም ሆነ። ሻዕቢያና ሕወሓት ምርኮኞቹን ማብላት፣ መጠበቅና ማስተማር ነበረባቸው። በኅዳር 1973 ዓ.ም. ከኢሕአፓ ሠራዊት በወጡ ታጋዮች የተመሠረተው ኢሕዴንም ከደርግ ሠራዊት የመጡ ሰዎችን ይቀበል ነበር። ከእነዚህ አንዱ በዚያን ጊዜ ምናሴ ወልደጊዮርጊስ ይባሉ የነበሩ የአርሲ ልጅ ናቸው። ዛሬ የሚታወቁት አባዱላ ገመዳ በሚለው ስም ነው።

መጋቢት 17 ቀን 1982 ዓ.ም. የኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት፣ ኦሕዴድ፣ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ የተማረኩ የደርግ ወታደሮች ነበሩ፤ አባዱላ ገመዳና ኩማ ደመቅሳ ከእነርሱ ይቆጠራሉ። ተቀናቃኞቻቸው ይህን ለዓመታት እንደ ስድብ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ስድቡ ተገቢ አይደለም። ተገዶ የዘመተና የተማረከ ሰው ከምርኮ በኋላ ፖለቲካ ቢመርጥ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያው ሠራዊት ውስጥ በዚያው ጉድጓድ አብረውት ለነበሩት ጓደኞቹ ተመሳሳይ በር ተከፍቶላቸዋል ወይ የሚለው።

መልሱ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ታየ። ሕወሓት፣ ኢሕዴንና ኦሕዴድ የተሰባሰቡበት ኢሕአዴግ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ የደርግ ሠራዊት ተበተነ። የተበተነው ወታደር በእግሩ፣ በባዶ ሆዱ፣ አንዳንዱም ጫማውን ለዳቦ ለውጦ ወደ መንደሩ አዘገመ። አዲሱ መንግሥት የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን አቋቁሞ 455 ሺህ ያህል የቀድሞ ወታደሮችን ወደ ሲቪል ኑሮ የመመለሱን ሥራ ጀመረ። ለገጠሬው ስንቅና የእርሻ ግብዓት፣ ለከተሜው ሥልጠናና ሥራ መፈለጊያ ድጋፍ ተሰጠ። በአፍሪካ ካየናቸው ወታደር የመበተን ሥራዎች ትልቁና ፈጣኑ ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ ከጉድለቱ ጋር ሊመሰገን ይገባዋል።

የቀድሞው ወታደር እርሻ አገኘ እንጂ ፖለቲካ አላገኘም። ዓመታት ቢያልፉም በየመንደሩ የሚጠራው «የደርግ ወታደር» ተብሎ ነበር። ታጋይ የሚለው ስም ግን ቢሮ ያስከፍት ነበር። ሁለቱም ጠመንጃ የተሸከሙ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ አሸንፏል፣ ሌላው ተሸንፏል።

የአማራ ክልል መንግሥት የተዋቀረው በዚህ መንፈስ ነው። በ1984 ዓ.ም. ክልላዊ ምርጫ ከተካሄደ በኋላ ክልሉን የመሩት አዲሱ ለገሰ የኢሕዴን ታጋይ ነበሩ፤ ኢሕዴንም በ1986 ዓ.ም. ብአዴን ሆነ። በክልሉ ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ ብሔረሰቦች የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው የብሔረሰብ አስተዳደሮች ተፈቀዱ። በከሚሴ ኦሮምኛ የሥራና የትምህርት ቋንቋ ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከጅሌ ጥሙጋ ሜዳ የመጣ ሽማግሌ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አቤቱታውን የሚያሰማበት ምክር ቤት ከዚያ በፊት አልነበረውም። ያን መብት የደነገጉት በአብዛኛው ከጫካ የመጡ ሰዎች መሆናቸው ውለታውን አያሳንሰውም።

የ1987 ዓ.ም. የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ለወታደሩ ገደብ አበጀለት። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሆናል፤ የመከላከያ ሠራዊቱ ተግባሩን ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ያከናውናል። ኋላ የወጣው የምርጫ ሕግም ዳኛ፣ ወታደር ወይም ፖሊስ ለመወዳደር ሲፈልግ መጀመሪያ ሥራውን እንዲለቅ አዘዘ። በወረቀት ሲነበብ ጥርት ያለ ሥርዓት ነው።

ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1992 ዓ.ም. ሲያበቃ አባዱላ የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ የነበራቸው መኮንን ሆነው ነበር። ቀጥሎ ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ መሰንጠቁ ኦሕዴድንም አናጋ። የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኩማ ደመቅሳ ከሥልጣን ተነሱ። በ1994 ዓ.ም. አባዱላ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ ለሲቪል ብቻ የተፈቀደ ስለነበር መለዮውን ማውለቅ ግድ ነበር። በዚህም ምርኮኛው ወታደር ከሃያ ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ የአገሪቱን ሠራዊት በበላይነት የሚመራ ሲቪል ሆነ ማለት ነው።

ቀጣዩ እርምጃ የጨፌ ኦሮሚያ፣ ማለትም የክልሉ ምክር ቤት፣ ወንበር ነበር። የክልሉ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ከጨፌው አባላት መካከል ስለሆነ፣ ክልሉን ለመምራት መጀመሪያ የአንድ ምርጫ ክልል ሕዝብ ድምፅ ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ አባዱላ ለክልሉ ምክር ቤት ተወዳደሩ። ጄኔራል የነበረ ሰው በገበሬ ፊት ቆሞ ምረጡኝ ማለቱ ለብዙው ሰው አዲስ ነገር ነበር። በወታደር ቤት ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በምርጫ ክልል ግን ገበሬው ስለ ማዳበሪያ ዕዳው፣ ስለ ልጁ ሥራ ማጣት፣ ስለ መሬቱ ይጠይቃል፤ መልስም ይጠብቃል። ከምርጫው በኋላ አባዱላ ከጁነዲን ሳዶ ፕሬዚዳንትነቱን ተረከቡ። በገጠር እየዞሩ ሕዝብ የሚሰበስቡ፣ ኦሮምኛውን በገበሬው ለዛ የሚናገሩ መሪ ሆነው ታወቁ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ወንበር ቆዩ።

ያ ምርጫ ለታጋዮች በሙሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ሲመርጥ በአማራ ክልል ካሉት 138 የፌዴራል መቀመጫዎች 50ውን ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። የኢሕዴን ነባር ታጋይና የማስታወቂያ ሚኒስትር የነበሩት በረከት ስምዖን በቡግና የፓርላማ ወንበራቸውን ያገኙት በነሐሴ ወር በተደገመው ምርጫ ነው። ከዚያ ወዲያ በውጤቱ ውዝግብ የተነሳ የመጣው ሞትና እስር የታወቀ ነው። እኔ ከዚያ ዓመት የማስቀረው አንድ ነገር ነው፤ የትግል ታሪክ ብቻውን ድምፅ እንደማያስገኝ መራጩ በግልጽ ተናግሯል።

ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ሦስት የጦር ሜዳ ሰዎች ሦስት የተለያየ ዕጣ ደረሳቸው።

የመጀመሪያው ስዬ አብርሃ ናቸው። የሕወሓት የጦር መሪ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. ክፍፍል ተባረሩ፤ በሙስና ተከሰሱ። ያኔ ወጣት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲፈቱ ቢወስኑም ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ዳግም ተያዙ፤ ስድስት ዓመት ታስረው በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ። ከእስር በኋላ አንድነት ፓርቲን ተቀላቅለው በተቃዋሚዎቹ ጥምረት በመድረክ ስም በተምቤን ለፓርላማ ቀረቡ። ሁለተኛዋ አረጋሽ አዳነ ናቸው። ከሕወሓት ነባር ሴት ታጋዮች አንዷ ሲሆኑ በተቃዋሚው ዓረና ስም አድዋ ላይ የተወዳደሩት ከትግል ጓዳቸው ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ነበር። ሦስተኛው በ1983 ዓ.ም. ገና በጉርምስና ዕድሜ ትግሉን የተቀላቀሉት፣ በሩዋንዳ በሰላም ማስከበር የተሰማሩት፣ ኋላም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲን ካቋቋሙት አንዱ የሆኑት ሌተና ኮሎኔል አብይ አሕመድ ናቸው። ከሠራዊት ወጥተው በአጋሮ በኦሕዴድ ስም ቀረቡ።

ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። አብይ ገቡ። ስዬና አረጋሽ አልገቡም። ሕጉ ለሦስቱም አንድ ነው፤ ሦስቱም ሠራዊቱን ለቀው የቀረቡ ናቸው። የለያያቸው የቆሙበት ድርጅት ነበር። ስዬ ኋላ ለትምህርት ወደ አሜሪካ አቀኑ። በናይጄሪያ ግን የቀድሞው ወታደራዊ ገዢ ሙሐመዱ ቡሃሪ ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ሦስቴም ተሸንፈው፣ በ2007 ዓ.ም. በአራተኛው አሸንፈዋል። የተሸነፈ ወታደር አገሩ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ምርጫ መጠበቅ መቻሉ፣ እንደ ማሸነፉ ሁሉ፣ የአንድ አገር ምርጫ ጤንነት ምልክት ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ገና አልተለመደም።

አባዱላ በዚያው በ2002 ዓ.ም. ወደ ፌዴራል ፓርላማ ተዛውረው አፈ ጉባኤ ሆኑ። በመስከረም 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ሕዝባቸውና ድርጅታቸው መከበር ባለባቸው ልክ አልተከበሩም በማለት ከአፈ ጉባኤነት ለመልቀቅ ጠየቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ሲለቁ ኦሕዴድ ለቦታው ሰው አስፈለገው። የድርጅቱ ሊቀ መንበር ለማ መገርሳ የጨፌ እንጂ የፌዴራል ፓርላማ አባል አልነበሩም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ከፓርላማው አባላት ነው የሚመረጠው። ድርጅቱ በየካቲት ወር ሊቀ መንበርነቱን ለአብይ አሳልፎ ሰጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱም የእርሳቸው ሆነ። በ2002 ዓ.ም. አጋሮ ላይ የተገኘች አንዲት ወንበር የአገሪቱን አቅጣጫ ቀየረች።

በአማራ ክልል ሌላ ወታደር ተመለሰ። ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ የኢሕዴን ታጋይ የነበሩ፣ በመፈንቅለ መንግሥት ሴራ ተከሰው ለዓመታት የታሰሩ፣ በ2010 ዓ.ም. የተፈቱ መኮንን ናቸው። ወደ ክልሉ ሥልጣን የመጡት በሕዝብ ድምፅ ሳይሆን በሹመት ነው፤ የሰላምና ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ ሆኑ። በዚያው ወቅት፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአጣዬ፣ በካራቆሬና በከሚሴ አካባቢ ግጭት ተነስቶ ሰው አለቀ። ባለሥልጣናትና ፓርቲዎች እርስ በርስ ተወነጃጀሉ፤ ተራው ነዋሪ ግን ኦሮሞም ሆነ አማራ የገበያውን ቀን አጣ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ርዕሰ መስተዳድሩ ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው ተገደሉ። መንግሥት ጄኔራል አሳምነውን የግድያው መሪ አድርጎ ከሰሰ፤ እርሳቸውም ከሁለት ቀን በኋላ ተገደሉ። መራጭ ጠይቋቸው የማያውቅ ወታደር፣ መራጭ ያልወሰነው ጠብ፣ በጥይት የተዘጋ ምዕራፍ። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ የአስቸኳይ ጊዜ ኮማንድ ፖስት ተቋቋመ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ፣ ሰኔ 14፣ ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ተካሄደ። የምርጫ ቦርዱን የመሩት በ1993 ዓ.ም. ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲፈቱ የወሰኑት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ከዚያ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ከሰሜን ወርዶ ከሚሴን ያዛት፤ የሕወሓትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ታጣቂዎች በዚያው መስመር ተገናኙ። ከአንድ ወር በኋላ የመንግሥት ኃይሎች ከተማዋን መልሰው ያዙ። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ከአንድ ቤት የወጡ ልጆች በተለያየ ምሽግ የተሰለፉበት ሁኔታ ነበር ብሎ መገመት ለከሚሴ ሰው ከባድ አይደለም።

ያን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ በቀጣዩ ወር ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ። ዕቅዱ በተለያዩ ክልሎች ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ኑሮ መመለስ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በትግራይ ጀምሯል። በአማራ ክልል ግን በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያስታወጀው ውጊያ አዲስ ትውልድ ተዋጊዎችን አፍርቷል። ኮሚሽኑ ለእነዚህ ሰዎች ያሰበው ሥልጠና፣ ገንዘብና መቋቋሚያ ነው። በ1983 ዓ.ም. ለ455 ሺህዎቹ የታሰበውም ይኸው ነበር።

በሕጉ መሠረት ከባቲ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ የመጣ፣ 21 ዓመት የሞላው፣ የክልሉን የሥራ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ከሠራዊት የተሰናበተ ሰው በፓርቲ ስም ወይም የነዋሪዎችን የድጋፍ ፊርማ አሰባስቦ በግል ለክልሉ ምክር ቤት መወዳደር ይችላል። ፊርማውን ለማሰባሰብ ግን ከቀበሌ ቀበሌ ያለ ስጋት መዘዋወር መቻል አለበት፤ ሰዎችም ስማቸውን ሲያሰፍሩ መፍራት የለባቸውም። የከሚሴ ገበያ በሰላም መዋሉና የዞኑ ወጣት መሣሪያ አውርዶ ስሙን በዕጩነት ማስመዝገቡ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ጉዳዮች ናቸው፤ የተሃድሶ ኮሚሽኑና የምርጫ ቦርዱም አብረው ሊሠሩባቸው ይገባል።